ባዶው አራት ማዕዘን

ጠዋቱ እንደማንኛውም ጠዋት ነበር። ባልየው ቀድሞ ተነሣ፤ ውኃ ጣደ፤ የሳሎኑን መስኮት ከፈተ። ሚስቱ ያረመቻቸውን የፈተና ወረቀቶች ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እሷ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናት፤ እሱ ደግሞ ቤቱ ተቀምጦ ለድርጅቶች የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ነው። ጎረቤታቸው ትናንት ያመጣላቸው ዳቦ ደርቆ ስለነበር ሻይ ውስጥ እየነከሩ በሉት። ስለ ቧንቧው አወሩ፤ እንደገና ማንጠባጠብ ጀምሯል። በሩ ላይ ስትደርስ ቆም አለችና፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው፣

«ዛሬ አንዲት ላክልኝ» አለችው።

ምኑን እንደሆነ አልጠየቃትም። ልጃቸው ከሞተች ወዲህ ሲጠብቀው የኖረ ቃል ነው።

«የትኛዋን?»

«የምትስቅባትን። ጥርሷ የወለቀ ጊዜ።»

«እስከ ምሳ ይደርስሻል።»

ከምሳ በፊት ሞተ።

ያገኘችው ደረጃ የምታጸዳው ሴት ናት። ከሦስተኛው ፎቅ ወደ ሁለተኛው ሲወረድ ባለው እርከን ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ጭንቅላቱ የሲሚንቶው ጠርዝ ላይ አርፏል፤ አንድ እግሩ ገና ደረጃው ላይ ነው። የሸሚዙ እጅጌ ከትከሻው ላይ ተተርትሯል። ስልኩ ደግሞ ደረቱ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።

ኢንስፔክተሯ አጎንብሳ ብዙ አየችው።

«አዳልጦት ነው ይላሉ ጎረቤቶቹ» አለ ሳጅኑ።

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ ከአልጋ ስወድቅ እንኳ ስልኬን የማገኘው አልጋ ሥር ነው። ይኼ ሰውዬ ከደረጃ ወድቆ ስልኩ ደረቱ ላይ ይተኛል?»

«ሰው ነው ያስቀመጠለት» አለች ኢንስፔክተሯ። «በዚያ ላይ በጥንቃቄ። የሚያውቀው ሰው።»

*

አስተማሪዋን ከትምህርት ቤት ያመጧት ባልደረቦቿ ናቸው። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ጣቶቿ ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ። ከአጠገቧ አንድ ሽበታም ሰው ብርጭቆ ውኃ ይዞ ቆሟል። በሕንጻው ምድር ቤት የመነጽር ሱቅ ያለው ጎረቤታቸው ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ መነጽር» ይለዋል። ስሙን ያወጣችለት ሟቿ ልጅ ናት፤ ትልቅ ሰው ሁሉ ተከትሏት ጠራው።

«ጎንጨት በይ፣ የእኔ እህት። ጉሮሮሽን ያርጥብልሽ» ይላታል።

«ዛሬ አናግሮሽ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት ኢንስፔክተሯ።

አስተማሪዋ የራሷን ስልክ ከፍታ ዘረጋችላት። ባሏ ረፋዱ ላይ የላከው መልእክት ነው። ፎቶ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ግራጫ ባዶ አራት ማዕዘን አለ። ከሥሩ «ጥርሷ የወለቀ ጊዜ» የሚል የፋይል ስም፤ ከዚያ ሥር ደግሞ፦ «ይቅርታ፣ ባዶ ሄዶብሻል። አስተካክዬ እልክልሻለሁ።»

«የልጄን ፎቶ ነበር የጠየቅኩት» አለች። «ከሞተች በኋላ ስልኩ በራሱ ጊዜ ፎቶዋን እያወጣ ያሳየኝ ነበር። ድንች እየላጥኩ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ክፍል ውስጥ። አንድ ቀን ባሌን ‹ከየትም አጥፋልኝ› አልኩት። እንዴት ብሎ ያጥፋ? ከእኔም ከራሱም ስልክ፣ ከኮምፒውተሩም ሰበሰባቸውና ራሱ በሠራው አፕ ውስጥ አስቀመጣቸው። ‹ስትፈልጊ ብቻ ትከፍችዋለሽ፤ ሳትጠሪያት አትመጣብሽም› አለኝ።»

«ሌላ ቦታ ቅጂ የለም?»

«የለም። ተበታትና እንድትገኝ አልፈለግንም።»

«ከፍተሽው ታውቂያለሽ?»

«አንድም ቀን።»

ኢንስፔክተሯ የሟቹን ስልክ በጓንት ይዛ ሰጠቻት። የይለፍ ቁጥሩ የልጅቷ የልደት ቀን ነበር። አስተማሪዋ ገጹን ወደ ግራ ገፋችው፤ ወደ ቀኝ መለሰችው፤ እንደገና ወደ ግራ።

«እዚህ ጋ ነበር። ቢጫ ጃንጥላ ምልክት ያለው። እዚህ...»

ጣቷ ቆመ።

«የለም» አለች። ከዚያ ከሶፋው ላይ ወደ ምንጣፉ ወረደች።

ጋሽ መነጽር ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መስኮቱ ጋ ሄደና ጀርባውን ሰጣቸው።

ቆይታ ኢንስፔክተሯ «ፎቶዎቹ እዚያ ብቻ መሆናቸውን ማን ያውቃል?» አለች።

«ወንድም ጋሼና ጋሽ መነጽር። አንድ ቀን ራት ላይ ነግሯቸዋል። ‹ይህን አፕ ያጠፋ ልጄን ሁለተኛ ይገድላታል› ብሎ።»

ኢንስፔክተሯ ጋሽ መነጽርን ወደ ኮሪደሩ ወጣ እንዲልላት ጠየቀችው።

«ዛሬ ደውሎልዎት ነበር። ስልኩ ላይ የመጨረሻው ጥሪ የእርስዎ ነው።»

«አዎ።» መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። «ለእኔም ፎቶ ልኮ ኖሮ ደርሶህ እንደሆን ብሎ ነው። ባዶ ነው የመጣልኝ፣ ልክ እንደ እሷ። ግራጫ አራት ማዕዘን። ያው የማይረባ ነው ብዬ አጠፋሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሥራዬ ላይ ነበርኩ። አንዲት እናት ዓይናቸውን ሊታዩ ገብተው ነበር፤ ይጠይቋቸው። ያቺን ልጅ እኮ ትከሻዬ ላይ ነው የተሸከምኳት፣ ኢንስፔክተር። በሕይወትም፣ በሣጥንም።»

*

የአስተማሪዋ ታላቅ ወንድም ብረት በያጅ ነው። በጠዋት ከሥራ ጠፍቶ ከቀትር በኋላ እንደተመለሰ ባልደረቦቹ ነግረዋቸዋል። የብየዳ ጭምብሉን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቆሞ ጠበቃቸው።

«ካለፈው ሰንበት ወዲህ ከአማችህ ጋር አትነጋገሩም ነበር» አለ ሳጅኑ።

«ሰፈሩ ወሬ አያልቅበትም።»

«‹ይህን ስልክ አንድ ቀን አሽቀንጥሬ እጥልልሃለሁ› አላልከውም?»

«ብያለሁ! ደግሜም ብዬዋለሁ! እህቴ ዓይኔ እያየ ስታልቅ ምን ልበል? እሱ ጧት ማታ ስልኩ ላይ አፍጥጦ፣ እሷ በሩን ዘግታ። ከሟች ጋር አይሞትም አይደል የሚባለው? እነዚህ ግን አብረው ሊቀበሩ ነበር።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ሥራ ነበረኝ።»

«ሥራህማ እዚህ ነው» አለ ሳጅኑ። «እዚህ ደግሞ አልነበርክም። ወይስ ብየዳውን በስልክ ማዘዝ ጀመርክ?»

በያጁ አልሳቀም። «የግል ሥራ ነው። ከፈለጋችሁ እሰሩኝ፤ አልናገርም።»

ኢንስፔክተሯ እጆቹን አየች። ጥፍሮቹ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለም ደርቋል። ግቢውን ቃኘችው፤ ያለው ቀለም ጥቁርና ቀይ ብቻ ነው። መኪና ውስጥ ሲገቡ ለሳጅኑ «ወደ መቃብር ቦታው ንዳ» አለችው።

ዘበኛው አላመነታም። «የሕፃኗ አጎት? ወፍ ሲንጫጫ መጥተው እስከ ቀትር እዚሁ ነበሩ። የመቃብሯ አጥር ዝጎባት ኖሮ ፍቀው ቀቡላት። ሁልጊዜ ብቻቸውን ነው የሚመጡት። ‹ለእህቴ እንዳትነግርብኝ፤ ሐዘን ይብቃሽ እያልኳት እኔ እዚህ ተቀምጬ ስታገኘኝ ትታዘበኛለች› ይላሉ።»

ሳጅኑ የአጥሯን ብረት ነካው። ጣቱ አረንጓዴ ሆኖ ተመለሰ። የሚቀልደው አላገኘም፤ ጣቱን በመሐረቡ ጠርጎ መሐረቡን ኪሱ ከተተው።

*

በፖሊስ ጣቢያው የኮምፒውተር ክፍል ያለችው ባለሙያ ጉንፋን ይዟት መሐረብ በመሐረብ ሆናለች። የሟቹን ስልክና ኮምፒውተር ጎን ለጎን አስቀምጣለች።

«አፑን የጻፈው ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው» አለች። «ቆንጆ ሥራ ነው። ፎቶ ያሳያል፣ ያጎላል። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ደግሞ ለሰው የሚልክበትን ክፍል ጨምሮበት ነበር። ስሕተት የገባው እዚያ ላይ ነው።»

«ለእኔ በሚገባኝ አማርኛ» አለ ሳጅኑ።

«ስልክህን እንደ ቤት አስበው። እያንዳንዱ አፕ የራሱ ጓዳ አለው፤ አንዱ የሌላውን ጓዳ ከፍቶ ማየት አይችልም። ሳሎኑ ግን የጋራ ነው። ሰውየው ፎቶዎቹን በሙሉ ያስቀመጠው በጓዳው ነው። ለሚስቱ ሲልክላት የላከው ‹ፎቶው እዚህ ቦታ አለ› የሚል አድራሻ ብቻ ነበር። የመልእክቱ አፕ አድራሻውን ይዞ ሄደ፤ ጓዳው አልተከፈተለትም። ለዚህ ነው ባዶ የደረሳት።»

«ከዚያ አስተካከለው?»

«አስተካከለው። ኮምፒውተሩ ላይ አለ። ባዶ መሄዱን ከነገራት በኋላ ኮዱን ለውጦ አዲሱን አፕ ስልኩ ላይ ጭኖታል። ከዚያ ወዲያ ፎቶ ሲላክ መጀመሪያ ቅጂው ከጓዳ ወደ ሳሎን ይወጣል፤ የሚላከውም እሱ ነው።»

«አፑ ሲጠፋስ?»

ባለሙያዋ አፍንጫዋን ጠረገች። «ጓዳው አብሮ ይፈርሳል። ስልኩ ‹ይጥፋ?› ብሎ ጠይቆታል፤ ያ ሰው ‹አዎ› ብሏል። ሁሉም ሄደዋል። ሳሎን የወጣው ቅጂ ግን አይነካም። ያጠፋው ሰው ይህን አላወቀም።»

«ሳሎን ውስጥ ምን አለ?»

«አንዲት ፎቶ።»

ስክሪኑን አዞረችላቸው። አንዲት ልጅ የሕንጻው በር ላይ አጎንብሳ የጫማዋን ማሰሪያ ትቆልፋለች። ጠጉሯ መሐል ለመሐል ተከፍሏል። ፊቷ ወደ መሬት ነው፤ አይታይም። ከኋላዋ አንድ ሰማያዊ መኪና ቆሟል። ታርጋው ይነበባል፤ ሁለቱ የፊት መብራቶች ደህና ናቸው።

«ቢጎላ ጥራቱ ደህና ነው» አለች ባለሙያዋ። «መቼ እንደተነሣች ግን ቅጂው አይነግረኝም፤ የተቀዳችበትን ጠዋት ብቻ ነው የያዘው።»

ኢንስፔክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ከተስተካከለ በኋላ የተላከ ፎቶ ባዶ ሆኖ ለሰው ሊደርስ ይችላል?»

«አይችልም። ሳሎን ያለ ዕቃ ለእንግዳ ይታያል።»

«ከተስተካከለ በኋላስ የተላከው ይህ ብቻ ነው?»

«ሳሎን የወጣው ይህ ብቻ ነው። ለማን እንደሄደ ግን ከመልእክቶቹ ተሰርዟል።»

ሳጅኑና ኢንስፔክተሯ ተያዩ። ለሚስቱ የሄደው ከዚያ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ፎቶ አልደረሳትም። ይህቺ ለሌላ ሰው ናት። ደርሶኛል ያለ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ባዶ ነበር ብሏል።

«ባዶ መሆኑን ከእሷ ስልክ ነው ያየው» አለ ሳጅኑ። «እኛው ፊት ቆሞ።»

«የልጅቷን መዝገብ አውጣልኝ። ያቺን ሴትዮም ፈልጋት፤ ዓይኗን ልትታይ ገብታ ነበር ያላትን።»

*

የልጅቷ መዝገብ አጭር ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ከቤቷ አጠገብ ባለው ማዞሪያ ላይ መኪና ገጭቷት አመለጠ። ምስክር የለም። አስፋልቱ ላይ የተሰባበረ የመኪና መብራት ተገኝቷል። በሰፈሩ ፊቱ የተጎዳ ሰማያዊ መኪና የነበረው አንድ ሰው ነው፤ «ምሰሶ መትቼ ከዋዜማው ጀምሮ ጋራዥ አስገብቼዋለሁ» ብሏል። የሟች ቤተሰብ የቅርብ ጎረቤት ነውና ማንም አልጠረጠረውም።

ኢንስፔክተሯ በዚያው አመሻሽ ፎቶውን አትማ ለአስተማሪዋ ይዛላት ሄደች። ወንድሟ ከጎኗ ተቀምጧል፤ ጥፍሩን ለመደበቅ እጁን ብብቱ ሥር ከቷል።

አስተማሪዋ ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለች።

«ይህን እኔ ነኝ ያነሣሁት» አለች። «ቀና በይ ስላት ‹ቆይ እማዬ፣ አልገባልኝም› አለችኝ። ተበላሸ ብዬ ተውኩት። እሱም አይቶት አያውቅም ነበር ብል አልዋሽም፤ ፊቷ የለበትማ። መላኩን ለመሞከር ግን ይህን ይመርጣል። በፊቷ መሞከር አይሆንለትም።»

«መቼ ነው ያነሣሻት?»

«ጫማው አዲስ ነው። ያን ዕለት ጠዋት ነው የገዛሁላት። ሌላ ቀን አላደረገችውም።»

ከዚያ ዓይኗ ከልጇ አልፎ ያን ዕለት ጋራዥ ነበር ወደተባለው መኪና ሄደ። ወንድሟም አየ። ማንም የመኪናውን ባለቤት ስም አልጠራም።

«አትነሣ» አለችው ወንድሟን ኢንስፔክተሯ፣ ገና ሳይነሣ። «ከዚህ ክፍል አትወጣም። ሥራው የእኔ ነው።»

*

የመነጽር ሱቁ ግድግዳ ላይ ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚወርዱ ፊደሎች ተሰቅለዋል። ጋሽ መነጽር አንድ ፍሬም ያቃና ነበር።

«እኒያን እናት አነጋገርናቸው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ዓይናቸው ላይ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ አድርገው ‹ጨፍነው ይቆዩ› ብለዋቸዋል። ሬዲዮው ሲናገር ሰምተዋል። እርስዎ ሲናገሩ ግን አልሰሙም።»

ፍሬሙን ማቃናቱን አላቆመም።

«ለእርስዎ ባዶ አልመጣልዎትም፣ ጋሽ መነጽር። ያኔ ተስተካክሎ ነበር። የመጣልዎት ይህ ነው።»

ወረቀቱን ፊቱ አኖረችው። አየውና መነጽሩን አወለቀ፤ ሳይጠርገው በእጁ ያዘው።

«እሱን እንዴት አገኛችሁት?»

«እሱ ወደ ውጭ ወጥቶ ነበር። ያጠፉት ውስጥ የቀሩትን ነው።»

ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ያን ዕለት ድመት ናት ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ማታ የሰውን ጩኸት ስሰማ... ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ደረጃውን እወጣለሁ፤ ዳቦ ሰጥቼ እወርዳለሁ።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ፎቶውን ልኮልኝ ደወለ። ‹የማየው እውነት ነው?› አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወጣሁ። እሱም እኔን ሊያገኝ እየወረደ ነበር። ስልኩን ዘረጋልኝ፤ እኔ ያዝኩት፤ እሱ ሳበ። እጅጌውን ያዝኩ። ከዚያ ስልኩ እጄ ላይ ቀረ።»

«አፑን ሲያጠፉ ይተነፍስ ነበር?»

ሬዲዮው ስለ ነገው አየር ሁኔታ ይናገራል። ጋሽ መነጽር ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች አንድ በአንድ ያይ ጀመር። ኢንስፔክተሯ ጥያቄውን አልደገመችውም። ሳጅኑ ሬዲዮውን ዘጋው።

*

በማግስቱ ኢንስፔክተሯ ብቻዋን ሦስተኛው ፎቅ ወጣች። በሩን የከፈተላት የአስተማሪዋ ወንድም ነው። አስተማሪዋ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። የትናንት ጠዋቱ ሁለት ብርጭቆዎች አሁንም መታጠቢያው ውስጥ ናቸው፤ ቧንቧው እላያቸው ላይ ይንጠባጠባል።

«ሌሎቹስ?» አለች፣ ሰላምታ ሳትሰጥ።

«ባለሙያዋ ሁለት ጊዜ ሞከረች። አልተገኙም።»

«ስልኬ ላይ ያለውስ? ይህ ግራጫው? ይኸው ስሙ ተጽፎበታል እኮ። ‹ጥርሷ የወለቀ ጊዜ› ይላል። ውስጡ የሆነ ነገር ሳይኖር ስም ይጻፍበታል?»

ኢንስፔክተሯ ከአንድ ቀን በፊት የሰማችውን ስለ ጓዳና ስለ ሳሎን ልትነግራት አፏን ከፈተች። ተወችው።

«አድራሻው ብቻ ነው» አለች። «ቤቱ ፈርሷል።»

አስተማሪዋ ራሷን ነቀነቀች፤ ተማሪ ትክክል ሲመልስላት እንደምታደርገው። የታተመውን ፎቶ ከስልኩ አጠገብ አስተካክላ አስቀመጠች።

«ወንድም ጋሼ፣ ና እይ» አለችው። «ጫማዋ እንዴት እንዳማረባት።»

ወንድሟ መጥቶ ከኋላዋ ቆመ። አረንጓዴ የነካው እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ፤ እሷም አየችው፤ ምንም አልጠየቀችውም።

ጫማው አለ። ማሰሪያውን የያዙት ጣቶች አሉ። እናቷ ያን ጠዋት በማበጠሪያ የከፈለችው ጠጉር አለ። በሩም፣ መኪናውም፣ የከሰዓቱ ፀሐይም አሉ።

ፊቷ የለም።